ፍሬሬን «የቡድን ውይይት አባት» ላላችሁ

ከሥልጠና አሁን መመለሴ ነው፤ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። የጎልማሶች ትምህርት አመቻቾችን ሊያሠለጥን ደራ ድረስ የመጣው ሰው (የላከውን መሥሪያ ቤት ስም ልተወው) ፓወር ፖይንቱን ከፈተ፦ «ፓውሎ ፍሬሬ፣ የቡድን ውይይት ዘዴ አባት»። ከጎኑ የለጠፈው ፎቶ የካርል ማርክስ ነው! ጢማም ሁሉ አንድ ሰው መሰለው መሰለኝ። ሳቄን ዋጥ አደረግሁ። ቀጣዩ ስላይድ ግን «ዘዴው ከፖለቲካም ከሠራተኛ ጉዳይም ነፃ ነው» ይላል።

ነፃ? እሺ፣ በቁጥር ላስቀምጠው።

1. የትምህርት ሊቁ ፍሬሬ እ.ኤ.አ. በ1921 ሬሲፌ፣ ብራዚል ተወለደ። የሸንኮራ አገር ልጅ ነው፤ የወንጂ ሸንኮራ አፍንጫችን ሥር ላለ ለእኛ ባዳ አይደለም። ከ1947 ጀምሮ ለፋብሪካ ሠራተኞችና ለቤተሰቦቻቸው በተቋቋመ ድርጅት ውስጥ ሠራ። አንድ ምሽት ልጅ መምታት ጎጂ እንደሆነ የሥነ ልቦና ሊቁን ፒያጄን እየጠቀሰ ለወላጆች ሲያስረዳ አመሸ። ሲጨርስ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው ሠራተኛ ተነሥቶ «ቤታችንን አይተኸው ታውቃለህ?» ዓይነት ጥያቄ ጠየቀው። ቀጥሎ የፍሬሬን ቤት ሳያየው ዘረዘረለት፤ ለልጆቹ መኝታ፣ ሙቅ ውሃ፣ ግቢ። ከዚያ የራሱን ጠባብ ቤትና የራባቸውን ልጆቹን ነገረው። የምንመታቸው ጠልተናቸው አይደለም፣ ኑሮው ነው አለው። ፍሬሬ ወደ ቤት ሲመለስ «አልገባቸውም» ቢል ባለቤቱ ኤልዛ «ያልገባህ አንተ እንዳትሆን» አለችው። ራሱ ነው የጻፈው። የዘዴው መነሻ ይህ ሠራተኛ ነው እንጂ የወንበር አደራደር አይደለም።

2. እ.ኤ.አ. በ1963 አንጂኮስ በምትባል ትንሽ ከተማ 300 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሠርተው አዳሪ፣ በፍሬሬ ዘዴ በ40 ሰዓት ትምህርት ፊደል ቆጠሩ። ያኔ በብራዚል ማንበብ የማይችል ሰው አይመርጥም ነበር። ስለዚህ 300 አዲስ አንባቢ ማለት 300 አዲስ መራጭ ነው። በ1964 ወታደሩ ሥልጣን ሲይዝ ፍሬሬን አሰረው፤ ተሰደደ። ከ16 ዓመት በኋላ ሲመለስ የሠራተኞች ፓርቲ አባል ሆነ። «ነፃ» ማለት ይኼ ነው እንግዲህ።

3. እኛስ ብንሆን? የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ። መንግሥት ያስጠናው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ለአብዛኛው ልጅ አራት ዓመት ትምህርት ይበቃል ማለቱ አንዱ ምክንያት ነበር። የካቲት 28 ደግሞ የሠራተኞች አንድነት ማኅበር ጠቅላላ አድማ መታ። ጠመኔና መዶሻ በአንድ ወር ውስጥ አደባባይ ወጡ። ደርግ ግን ያንን ማኅበር አፍርሶ ነው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን ያወጀው። በ15 ቋንቋ ተሰጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮ ሽልማት ተገኘበት፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ አልክድም። የሚማሩበት ቃል ግን ከላይ የመጣ ነበር።

4 ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ቁጥሩ ይቅር። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

እኔ ክፍል ውስጥ መጽሐፉን ዘግቼ፣ እንደ ፍሬሬ ከሰዎቹ ኑሮ በወጣ ቃል፣ በ«ሚዛን» ጀመርኩ። ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋላ! አንድ አባት «መቶ ሞልቼ ወስጄ ዘጠና አራት አሉኝ» አሉ። ክፍሉ ተነሣ፤ ሁሉም የራሱን የጎደለ ኪሎ ይቆጥራል። በሁለተኛው ሳምንት እኚህ አባት ጆንያቸው ላይ በከሰል 100 ብለው ጽፈው ነጋዴው ፊት አቆሙት። ነጋዴው ሌላ ሚዛን አመጣ።

ይህ ሪፖርት ላይ የት ይገባል? የትም! ተቆጣጣሪው የጠየቀኝ ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ሴት ስንት፣ ወንድ ስንት፣ ባነር ይዛችሁ ፎቶ ተነሥታችኋል ወይ። መምጣት ካቆሙ ወራት ያለፋቸው ሰዎች ስም መጥሪያው ላይ አሁንም አለ፤ ይፈረምላቸዋል፣ ይመረቃሉ፣ መቶኛው ከፍ ይላል። አቤት ብል «አንተ አሠራር ታበላሻለህ» ተባልኩ። የሥልጠናው አበል ግን በሰዓቱ ነው የሚከፈለው፤ እሱ ላይ ስህተት አይቼ አላውቅም።

የኢተያና የሁሩታ አመቻቾች፣ ሰዎቻችሁ ደጋግመው የሚያነሡትን ቃል ጻፉልኝ፣ በእሱ እንጀምራለን። ስላይዱን ያዘጋጀኸው ወንድሜ ደግሞ፣ ሌላው ቢቀር ፎቶውን ቀይረው።