ሙሽሪት ደምቃ አያት ጠፉ!

እናንተዬ፣ የሰሞኑን የሠርግ ቪዲዮ አይታችሁልኛል? ሙሽራው ቀለበት ሲያጠልቅ ምስሉ ዥው! ሙሽሪት ከመኪና ስትወርድ ዥው! ኬኩ ሲቆረስ እንደገና ዥው! ሁለት መለኪያ የደምበጫ አረቄ በባዶ ሆዱ የጨለጠ ሰው ዓለምን የሚያያት እንዲህ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ዥውታ ስም አለው። ባለሙያዎቹ “ራዲያል ብለር” ይሉታል። ዛሬ ስለ እሱ ላወጋችሁ የተነሳሁት ግን ለፌዝ አይደለም። አንድ ወጣት የቪዲዮ ባለሙያ እዚያው ደምበጫ ያጫወተኝ ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ነው።

ልጁ ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በተከራያት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቪዲዮ ያቀናብራል። ሙያውን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም፤ ዩቲዩብ እያየ በራሱ ነው የለመደው። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣውና ዛሬም ብዙ አኒሜሽን ሠሪ በሚጠቀምበት አፍተር ኢፌክትስ የሙሽሮችን ስም ያስደንሳል፣ አበባ ይበትናል፣ ለሱቅ ማስታወቂያ የካርቱን ባጃጅ ያስነዳል። አንድ ቀን ታዲያ ራዲያል ብለርን አገኘ። “ያን ሰሞን ያላደረግኩበት ቦታ የለም። ደንበኞቼም ወደዱት” አለኝ።

በጥር የተዳረች አንዲት ልጅ የሠርጓን ቪዲዮ ተረከበች። ሙሽሮቹ የአያትን ጉልበት ስመው ቀና ሲሉ፣ ልጁ የብለሩን መሐል ሙሽሪት ፊት ላይ ተክሎ ምስሉን አስፈነጠረው። ሙሽሪት ጥርት ብላ ደመቀች። አያት ግን ጥግ ላይ ነበሩ። ነጭ ጋቢያቸው ወደ ጭረት ተለወጠ፤ ፊታቸውም አብሮ ሄደ። ያኔ ማንም ልብ አላለም። እንዲያውም “ልክ እንደ ፊልም!” ተብሎ ተጨበጨበለት።

ሰኔ ላይ አያት አረፉ። ልጅቷ ለተዝካሩ ፎቶ ልታሳጥብ ፍላሿን ይዛ ከች አለች። “ወንድሜ፣ ሲመርቁን የሳቁባትን ቦታ አውጣልኝ” አለችው። ልጁ ፋይሉን ከፈተና ደነገጠ። ያለው ጭረት ብቻ ነው! ዋናው ቀረጻ የነበረበት ሚሞሪ ላይ ሌላ ሠርግ ተቀርጾበታል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የነበረውም ቦታ ለማስለቀቅ ተጠርጓል። “እህቴ፣ የለም” ከማለት ሌላ ምን ይበል? በመጨረሻ የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶ አድጋ ተሠራች። መታወቂያ ፎቶ ላይ ደግሞ ማን ይስቃል?

ለመሆኑ ይህ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው? ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው “ስፒን” ይባላል፤ ያሽከረክራል። እንዝርት ሲሾር አስቡት፤ መሐሉ ቀጥ ብሎ ይታያል፣ ዳርዳሩ እንደ ጭስ ይሆናል። ሁለተኛው “ዙም” ነው። ጋቢና ተቀምጣችሁ ወደ ቡሬ ስትበሩ የፊት ለፊቱ መንገድ ጥርት ብሎ፣ የዳሩ ባሕር ዛፍ እየተጎተተ ወደ ኋላ ይነጉዳል። ሁለቱም ላይ ሕጉ አንድ ነው፦ መሐሉ ይተርፋል፤ ከመሐል የራቀ በራቀበት መጠን ይሟሟል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ “መሐሉ የት ይሁን?” ሲላችሁ፣ “ማን ይታይ፣ ማን ይጥፋ?” ማለቱ ነው።

በዚህ ሙያ እንጀራ ለምትበሉ፣ ወይም ገና ለምትጀምሩ ጥቂት ምክር ልጣል።

አንደኛ፣ ዋናውን ቀረጻ አታጥፉ! አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ ብለሩ ከምስሉ ላይ የሚደረብ ነገር ነው፤ አንዲት ቁልፍ ስትነኩ ይነሳል። ሬንደር ሆኖ ከወጣ በኋላ ግን ከወጣው ቪዲዮ ላይ ልፋቅህ ቢሉት አይፋቅም። “ዛሬ ኤ.አይ. አለ አይደል?” የምትሉ አትጠፉም። አዎ፣ ኤ.አይ. ፊት ይሞላል፤ የሚሞላው ግን ገምቶ ነው። የተገመተ ፊት የአያት ፊት አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ለሚገባው ነገር ስጡት። የካርቱን ባጃጅ ስታስነዱ ጎማውን ለብቻው በአንድ ሌየር አስቀምጡና ስፒኑን እሱ ላይ ብቻ አድርጉ፤ መሐሉም በትክክል የጎማው እምብርት ላይ ይሁን። ሾፌሩ ምን በወጣው ይደበዝዛል? ጎማው በጎን የሚታይ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ክብ እንዳለ አደብዝዙት፣ ከዚያ አዙሩት። አለዚያ ብለሩ ከጎማው ቅርጽ ጋር አይገጥምም።

ሦስተኛ፣ አሳጥሩት። በሴኮንድ 25 ፍሬም በሚሄድ ቪዲዮ ላይ ከዜሮ ተነስቶ፣ ጣሪያ ነክቶ፣ ተመልሶ ዜሮ ለመግባት ከ6 እስከ 10 ፍሬም ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ ተመልካቹ ራሱን ይይዛል። ብልጭታ ደግሞ አትጨምሩበት። እ.ኤ.አ. በ1997 ጃፓን ውስጥ በአንድ የፖኬሞን ካርቱን ላይ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በፍጥነት ሲብለጨለጭ ከ600 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ሆስፒታል ገብተዋል። የዓይን ነገር ቀልድ አይደለም።

አራተኛ፣ እስክስታን ተዉት! የጎጃም ትከሻ ራሱ ፈጣን ነው። ብለር ሲደረብበት ትከሻው ጠፍቶ የሸማ ጭጋግ ይቀራል።

ልጁን “አሁንስ ተውከው ወይ?” ብዬ ጠየቅኩት። “አልተውኩም፤ ስም ሲገባና ካርቱን ስሠራ እጠቀምበታለሁ” አለ። ሰው ያለበት ቦታ ላይ ግን እጁን ሰብስቧል። ተበድሮ ሃርድ ዲስክ ገዝቷል፤ የሠርግ ቀረጻ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። ቪዲዮ ማቀናበር ሲጀምርም በፊት ሙሽሪትን “የቱን ቀለም ትወጃለሽ?” ነበር የሚላት። አሁን የመጀመሪያ ጥያቄው “ጥግ ላይ የተቀመጡት ማናቸው?” ሆኗል።

እናንተም የሠርጋችሁን ቪዲዮ ስትረከቡ ዋናውን ቀረጻ አብራችሁ ጠይቁ። በሌላ ወግ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!