ጥጃው እንገሩን የጠባው ስንት ሰዓት ላይ ነው?

በሉማሜ ዙሪያ ጥጃ ተወልዶ ሳምንት ሳይሞላው ተቅማጥ ይይዘውና ዓይኑ ጎድጉዶ ይሞታል። ምች ነው፣ ዓይን በልቶት ነው ይባላል። የእንስሳት ሐኪም ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው እንገሩን መቼ እንደጠባ ነው።

ሴት በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገሩን በእንግዴ ልጇ በኩል ለፅንሷ ታሳልፋለች። የላም፣ የበግና የፍየል እንግዴ ልጅ ግን ይህን አያሳልፍም። ጥጃ መከላከያውን የሚያገኘው ከእንገር ነው፤ አንጀቱም ሳይፈጨው ወደ ደም የሚያሳልፈው ገና እንደተወለደ ብቻ ነው። ይህ ችሎታው ከስድስት ሰዓት በኋላ እየቀነሰ ይሄድና በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። እንግዴ ልጁ እስኪወርድ ጥጃው አይጥባ ማለት ታዲያ እነዚያን ሰዓታት ማቃጠል ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ ሁለት ሊትር ያህል እንገር ያስፈልገዋል። እንገር ተፈልቶ ለቤተሰብ መቅረቡን አልቃወምም፤ ጥጃው ከጠገበ በኋላ ይሁን።

የተቅማጡን መነሻ ዕድሜው ይጠቁማል። በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ሮታ ቫይረስ፣ የከብት ኮሮና ቫይረስ (ኮቪድን ያመጣው አይደለም) እና ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ ጥገኛ ተህዋስ ይመጣሉ። በእነዚህ በሦስቱ ላይ ከገበያ የተገዛ ቴትራሳይክሊን ምንም አያደርግም። ጥጃውን የሚገድለው ይበልጡን የፈሳሽና የጨው ማለቅ ስለሆነ ግሉኮስና ጨው ያለበት ኦ አር ኤስ ቶሎ ቶሎ ይሰጠው፤ ወተቱም አይቋረጥበት። የሻይ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ግን አይረዳውም፤ የጥጃ አንጀት ያን ስኳር አይፈጭም።

ሌላው የበሽታ መግቢያ በር እትብቱ ነው። ክረምት በጭቃና በእበት ላይ በተወለደ ጥጃ ጀርም በእትብቱ ገብቶ ወደ ጉበትና ወደ መገጣጠሚያ ይዘልቃል። ጉልበቱ አብጦ ሲያነክስ «ላሚቱ ረግጣው ነው» ተብሎ ይታለፋል። እንደተወለደ እትብቱን በአዮዲን ማራስና ደረቅ ጭድ ማንጠፍ ወጪው ትንሽ ነው።

ጥጃው ከሰው ጋር በአንድ ቤት የሚያድር ከሆነ ደግሞ ክሪፕቶስፖሪዲየም ወደ ልጆችም ይተላለፋል። የታመመ ጥጃ የነካ እጁን በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ የአልኮል ሳኒታይዘር ይህን ተህዋስ አይገድለውም።