«ማሽኑ አልተስማማኝም» ከማለታችን በፊት

ኑሮዬ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው፤ እንጀራዬ ደግሞ ድምፄ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ እቀመጣለሁ። በስልኩ አንድ ጫፍ ሐኪም፣ በሌላው ጫፍ አማርኛ ተናጋሪ ሕመምተኛ፣ በመካከል እኔ። በቀን ሰባት ስምንት ሰዓት ሳስተረጉም እውላለሁ። በስልክ የምሰማው የሰው ምሥጢር ስለሆነ የማንንም ጉዳይ እዚህ አላነሣም። የማወራው ስለ ራሴ ጉሮሮ ነው።

ባለቤቴ ለዓመታት «ታንኮራፊያለሽ» ይለኝ ነበር፤ ድካም ነው እያልኩ አለፍኩት። አንድ ሌሊት ግን ትከሻዬን ነቅንቆ ቀሰቀሰኝና «ትንፋሽሽ ቆሞ ነበር እኮ» አለኝ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ጣት ላይና ደረት ላይ የሚታሰር መመርመሪያ ተሰጥቶኝ ቤቴ ውስጥ ተኛሁበት። በሰዓት 34 ጊዜ ትንፋሼ ይቋረጣል ወይም ያንሳል የሚል ውጤት መጣ። እያንዳንዱ መቋረጥ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ የሚቆይ ነው። በሰዓት ከ5 በታች ከሆነ ጤነኛ ይባላል፤ ከ30 ካለፈ ከባድ ነው።

መድኃኒቱ ሲፓፕ የሚሉት ማሽን ሆነ። እንቅልፍ ሲወስደን የጉሮሯችን ጡንቻ ይላላል፤ ሕመሙ ባለብን ሰዎች ላይ ጨርሶ ይከደንና የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። ማሽኑ በቱቦና በጭንብል አድርጎ ሳያቋርጥ አየር ይነፋል፣ የአየሩ ግፊትም ጉሮሮው እንዳይከደን ወጥሮ ይይዘዋል። ይህን የፈለሰፈው አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሲድኒ ውስጥ ሞከረው፤ በዓመቱ የአምስት ሕመምተኞችን ውጤት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተመ። ከዚያ በፊት ለከባዱ ሕመም የነበረው ዋና መፍትሔ አንገት ላይ ቀዳዳ መክፈት ነበር። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ማሽኑን የማየው በምስጋና ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን የምስጋና አልነበሩም። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ ውጭው በረዶ፣ ቤቱ ሌሊቱን ሙሉ በማሞቂያ የሚነድ። ጠዋት ስነቃ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቋል። ምራቄን ስውጥ ጉሮሮዬ እንደ ደረቀ ቆዳ ይፋተጋል። በአሥራ አምስተኛው ቀን ሦስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ስልክ ሲደወል አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ የለም። ሥራዬን ለባልደረባዬ አስረክቤ ተነሣሁ። ያን ቀን ማሽኑን ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር ከተትኩት፤ 11 ቀን እዚያው ከረመ። ባለቤቴ እንደገና ሌሊቱን ትንፋሼን ሲያዳምጥ ማደር ጀመረ።

ሐኪሟ ስትጠይቀኝ ያልኩት አንዲት ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ማሽኑ አልተስማማኝም።»

አስተርጓሚ ነኝና ይህች አነጋገር ምን እንደምታደርግ ማወቅ ነበረብኝ። እኛ «አልተስማማኝም» ስንል ብዙ ነገር አጭቀን ነው፤ ድርቀቱን፣ ማቃጠሉን፣ መታፈኑን፣ ሐፍረቱንም ጭምር። በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ስትሰፍር ግን «ታካሚው ሕክምናውን መቋቋም አልቻለም» ትሆናለች። ያ ደግሞ በር የሚዘጋ ቃል ነው። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ማሽኑን መክፈሉን ለመቀጠል፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ በተከታታይ 30 ቀናት ቢያንስ በ70 ከመቶው ሌሊት፣ በየሌሊቱ ቢያንስ 4 ሰዓት መጠቀማችንን ማየት ይፈልጋል። ከአልጋ ሥር ያለ ማሽን ደግሞ ምንም አይቆጥርም።

ደግነቱ ሐኪሟ መልሴን አልተቀበለችውም። «ምንሽን ነው? ይደርቃል? ይከረክራል? ያቃጥላል? ወይስ ድምፅሽ ነው የሚዘጋው?» አለችኝ። በየቀኑ የምለዋውጣቸው ቃላት ናቸው፤ ለራሴ ሕመም ግን ለይቼ አልተጠቀምኩባቸውም ነበር። የእኔ ድርቀት ነበር። የድርቀት ምክንያት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ሳይሆን አፋችን ነው።

የእኔ ጭንብል አፍንጫን ብቻ የሚሸፍን ነው። ተኝቼ አፌ ከተከፈተ በአፍንጫ የገባው አየር ወደ ሳንባ መውረዱን ትቶ በአፍ ያመልጣል። ይህን ለማየት ማሽናችሁን ቀን ላይ አድርጉትና ከንፈራችሁን ጥቂት ከፈት አድርጉ፤ ነፋሱ ከአፋችሁ ወጥቶ ሲሄድ ይታወቃችኋል። ባለቤቴ ሌሊት በስልኩ ቀርጾ አሳየኝ። አገጬ ወርዷል፣ የታችኛው ከንፈሬ በነፋሱ ይርገበገባል፣ «ፍፍፍ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ያ ነፋስ በጉሮሮዬ ላይ ስድስት ሰዓት ሲነፍስ እያደረ እንዴት አይደርቅ?

ነገሩ በዚህ አያበቃም። አፍንጫ የሚገባውን አየር ያሞቃል፣ ያረጥባል፤ ስንተነፍስ ደግሞ ከወጪው አየር ላይ ከሰጠው እርጥበት ጥቂቱን መልሶ ይቀበላል። አየሩ በአፍንጫ ገብቶ በአፍ ሲወጣ ግን አፍንጫ ይሰጣል እንጂ አይቀበልም። ይደርቃል፣ ከውስጥ ያብጣል፣ ይዘጋል። ሲዘጋ አፍ ይበልጥ ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ሱሊቫን ራሱ ያለበት የተመራማሪዎች ቡድን ይህንኑ ለክቶ አሳይቷል፤ አየሩ እንዲሞቅና እንዲረጥብ ሲደረግ የአፍንጫው መዘጋት በአብዛኛው እንደሚቀርም አብሮ አመልክቷል።

የእኔ ማሽን ጎኑ ላይ የውሃ ገንዳ አለው። ማሽኑን ያስረከበኝ ሠራተኛ በሩብ ሰዓት አሳይቶኝ ስለሄደ እርጥበቱ ከፍና ዝቅ እንደሚል እንኳ አላወቅሁም ነበር። በኋላ አንዲት የአተነፋፈስ ባለሙያ እርጥበቱን ከ3 ወደ 5 አደረገችልኝ። በሁለተኛው ሌሊት ቱቦው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ እየተንቦጫረቀ ፊቴ ላይ ረጨኝ። ሞቃት አየር በቀዝቃዛ ቱቦ ሲያልፍ እንደ ድስት ክዳን ያልባል። መፍትሔው ከውስጥ የሚሞቅ ቱቦ ነው፤ እሱ እስኪመጣ የቱቦውን ጨርቅ ልባስ አልብሼ በብርድ ልብሱ ሥር አሳለፍኩት።

ቀጥሎ አፍንጫዬ ነው። ለዓመታት የቆየ አለርጂ አለብኝ፤ የዋሽንግተን አካባቢን የሚያዝያ የአበባ ብናኝ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከመተኛቴ በፊት በጨው ውሃ መርጫ አፍንጫዬን አጥባለሁ፣ ሐኪሟ ያዘዘችልኝን የአለርጂ ስፕሬይም እወስዳለሁ። አፍንጫ ሳይከፈት አፍ ዝጋ ማለት ትርፉ ድካም ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ግማሽ መንገድ አደረሰኝ። የቀረውን የጨረሰው አፍና አፍንጫን አንድ ላይ የሚሸፍን ጭንብል ነው። ለሌላው ሰው አገጭ ደግፎ የሚይዝ ማሰሪያ ይበቃው ይሆናል። አፍን በፕላስተር ለጥፎ መተኛት የሚመክሩ አሉ፤ እኔ ሐኪም ሳይፈቅድ ማንም እንዲያደርገው አልፈልግም። አፍንጫው የተዘጋ ወይም ሌሊት የሚያስመልሰው ሰው በየት ይተነፍሳል?

አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ድምፄን በስልክ ሰምታ «ባህር ዛፍ ታጠኚ» አለችኝ። መታጠኑን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ብርድ ልብስ ተከናንበን በእንፋሎቱ ላይ ስንጎነበስ ደረታችን ይከፈት ነበር። አንዲት ወዳጄ ግን የባህር ዛፍ ዘይት ማሽኑ ገንዳ ውስጥ ጠብ እንዳደርግ ነገረችኝ። ይህን አታድርጉ። ዘይቱ በግፊት ተነፍቶ ሌሊቱን ሙሉ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ያስቆጣል፣ ፕላስቲኩንም ይበላል። ገንዳው ውስጥ የሚገባው ውሃ ብቻ ነው፤ እሱም ተኖ መልሶ የቀዘቀዘ፣ ዲስቲልድ የሚባለው። በየቀኑ ይደፋል፣ ገንዳው በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል።

«ይከረክረኛል» የምትሉ ደግሞ ማጣሪያውን አውጥታችሁ እዩት። ማሽኑ የሚነፋው የክፍላችሁን አየር ነው። እኛ ቤት እሑድ ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል፤ መኝታ ቤቱ ከሳሎኑ ጎን ነው። በወሩ መጨረሻ ነጩን ማጣሪያ ሳወጣው አመድ መስሏል። እጣኑን አልተውኩም፤ የመኝታ ቤቱን በር እዘጋለሁ፣ ማጣሪያውን በየወሩ እቀይራለሁ። በመድኃኒትም የሚመጣ መከርከር አለ። ብዙዎቻችን የደም ግፊትም አለብን፤ ኢናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳልና የጉሮሮ መብላት ያመጣሉ። ማሽኑን ከመውቀሳችሁ በፊት የምትወስዱትን መድኃኒት ለሐኪሙ አሳዩ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።

«ያቃጥለኛል» ከሆነ፣ በተለይ ኮምጣጣ ወደ አፍ የሚመጣ ከሆነ፣ ጨጓራ ነው ብሎ መጠርጠር ደግ ነው። ማታ አራት ሰዓት ቀይ ወጥ በልቶ አራት ተኩል ላይ መጋደም ጉሮሮን በአሲድ ማጠብ ነው። እራቴን ከመኝታዬ ሦስት ሰዓት ቀደም አደረግሁ። ድምፅ መዝጋቱ ከአራት ሳምንት ካለፈ ግን፣ ወይም መዋጥ ካስቸገረ፣ ወይም ደም ከታየ፣ የማሽን ጉዳይ አድርጎ መቀመጥ አይገባም፤ የጉሮሮ ሐኪም አይቶ ሊፈርድ ይገባል።

በኋላ አንድ ጊዜ ለገና እናቴ ዘንድ ስሄድ ማሽኑን በእጄ ይዤ አውሮፕላን ገባሁ፤ የሕክምና መሣሪያ ስለሆነ በአሜሪካ ሕግ ከእጅ ሻንጣ አይቆጠርም። ገንዳውን አስቀድሜ ደፍቼ አድርቄዋለሁ፤ ውሃ ይዞ የተንቀሳቀሰ ማሽን ሞተሩ ይርሳል። ከጀርባው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፤ መሰኪያ መለወጫ ብቻ በቃኝ። የጥር ሌሊት አዲስ አበባ ላይ ደረቅና ብርድ ነው፤ እርጥበቱን ወደ 6 ከፍ አደረግሁት። ወንድሜ ዲስቲልድ ውሃ ነው ብሎ ለመኪና የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ ሊገዛልኝ ተነሣ፤ አሲድ ያለበትም በዚያው ስም ሊጠራ ስለሚችል አስቀረሁት። ለእነዚያ ጥቂት ቀናት አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ውሃ ተጠቀምኩ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ስለሆነ ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። ቤቴ ስመለስ ገንዳው ላይ የቀረውን ነጭ ዝቃጭ በኮምጣጤና በውሃ አስለቀቅሁት።

አገር ቤት ላለ ዘመድ ያገለገለ ማሽን የምትልኩ፣ ፍቅራችሁ ይገባኛል፤ ሁለት ነገር ግን አስቀድማችሁ አጣሩ። አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 የማሽን አምራቹ ፊሊፕስ፣ ድምፅ ለማፈን ማሽኑ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ሊበሰብስና ብናኙ ወደ አየር መንገድ ሊገባ ስለሚችል በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሽኖቹን እንዲመለሱ ጠርቷል። የጉሮሮና የአየር መንገድ መቆጣት ከተዘረዘሩት ጉዳቶች አንዱ ነው። የማሽኑን መለያ ቁጥር ከጥሪው ጋር አመሳክሩ። ሁለተኛ፣ ግፊቱ ለአንድ ሰው የተለካ ነው፤ የእኔ 11 ለወንድሜ 11 አይሆንም። ሐኪም ሳይመረምረው የሌላ ሰው ማሽን አይደረግም።

አሁን ሦስተኛ ዓመቴ ነው። በሰዓት 34 የነበረው ወደ 2 ወርዷል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩን የማነሣው በራሴ ድምፅ ነው። እናንተም ማሽናችሁን ከአልጋ ሥር አውጡትና ሐኪማችሁ ዘንድ ይዛችሁት ሂዱ። «አልተስማማኝም» አትበሉ። የሚደርቅ ነው ወይስ የሚያቃጥል፣ ስትነቁ ነው ወይስ እኩለ ሌሊት፣ አፋችሁ ተከፍቶ ታድራላችሁ ወይስ ተዘግቶ፣ ይህን ንገሩ። አስተርጓሚ ካላችሁም ቃል በቃል እንዲያደርስላችሁ ጠይቁት፤ ሥራው ነው።