የተሽከርካሪ ባትሪ ሲዳከም ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ በሐረጎ ቁልቁለት ይወርዳል። በዚህ መስመር የሚጓዙ አሽከርካሪዎች ፍሬን እንደሚያስፈትሹ ሁሉ ባትሪንም ማስፈተሽ ይጠበቅባቸዋል። የዘመናዊ ተሽከርካሪ ሞተር የሚመራው በኮምፒውተር በመሆኑ፣ ዲናሞው መሙላት አቁሞ ባትሪው ካለቀ ሞተሩ በጉዞ ላይ ይጠፋል፤ በዚህ ጊዜ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬን አጋዥ ኃይልም ይቀንሳል።

የደሴ ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ዕድሜውን ያሳጥራል። ሞተር ለመነሳት መዘግየቱና መብራት መደብዘዙ የመዳከም ምልክቶች ናቸው። ሞተሩ ከጠፋ ከሰዓታት በኋላ ሲለካ የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ልኬቱ በአብዛኛው ከ13.5 እስከ 14.7 ቮልት ይደርሳል። ከዚህ በታች ከሆነ ጉድለቱ የዲናሞው ሊሆን ስለሚችል፣ አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት በባለሙያ ማስመርመር ይገባል። ዲናሞን ለመፈተሽ በሚል ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ መንቀል ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ስለሚችል ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም።

የባትሪ ምልክት በጉዞ ላይ ከበራ፣ ቁልቁለቱን ከመጀመር አስቀድሞ በሜዳማ ስፍራ ቆሞ ባለሙያ መጥራት ከአደጋ ይታደጋል።