ብረትን ያለ ሞርሳ ስለ መያዝ

በልክ የሚሠራ ብረት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በስለቱ ጉድለት ሳይሆን በአያያዙ ነው። ሞርሳ ቀጭኑን ብረት ከሁለት ወገን ሲጨምቀው ብረቱ ይጎብጣል፤ እንደ ጎበጠ ተስተካክሎ ቢሳልም፣ ሞርሳው በተፈታ ጊዜ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ተመልሶ ልኩን ይስታል። የሚሊሜትር ሺኛ በሚቆጠርበት ሥራ ይህ ዕቃውን ከንቱ ያደርገዋል።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1896 ዓ.ም. በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት በዎርስተር ከተማ ኦክሌይ ዎከር የተባለ ሰው በማግኔት የሚይዝ ገበታ ፈልስፎ የባለቤትነት መብት አገኘ። በገበታው ውስጥ የተጠቀለለው የመዳብ ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የገበታው ፊት ማግኔት ይሆንና ብረቱን ከሥሩ ስቦ ይይዘዋል። የብረቱ ላይና ጎን ነጻ ስለሚሆን የሚሽከረከረው የመሳያ ድንጋይ ከዳር እስከ ዳር ያልፍበታል፤ ብዙ ትናንሽ ዕቃዎችም በአንድ ረድፍ ተደርድረው በአንድነት ይሳላሉ። ለባለ ፋብሪካ ትርፉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሆኖም ገዢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሻጭ ስለ ገበታው ጉልበት የሚጠቅሰው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ወፍራምና ንጹሕ ብረትን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ለማላቀቅ የሚያስፈልገውን ኃይል ነው። ድንጋዩ ግን የሚገፋው ወደ ጎን ነው፤ ይህንንም የሚቃወመው ሰበቃ ብቻ ስለሆነ፣ የሚቀረው ጉልበት ከተጠቀሰው እጅግ ያንሳል። ከሥሩ ዘይት ወይም የብረት ፍቅፋቂ ከገባ ደግሞ ይብሱን ይቀንሳል። ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ በብረቱ ፊት ማገጃ ያኖራል። ናስ፣ መዳብና አሉሚኒየምማ ከቶ አይያዙም።

ከሁሉ የሚያሰጋው የኤሌክትሪክ መቋረጥ ነው። ኃይሉ ድንገት ሲጠፋ ድንጋዩ በቶሎ አይቆምም፤ የተለቀቀውም ብረት ተወርውሮ ሰው ሊገድል ይችላል። ቋሚ ማግኔት ያለበት ገበታ ግን ኤሌክትሪክ አያሻውም፤ እጀታው ሲዞር ማግኔቶቹ ቦታ ለውጠው ጉልበታቸው በገበታው ውስጥ ይዘጋል፣ ብረቱም ይለቀቃል። ሁለቱን ያጣመረው ሦስተኛው ዓይነት፣ ኤሌክትሪክ የሚሻው ለመያዝና ለመልቀቅ ለአፍታ ብቻ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ ለዚህ ጭማሪ ዋጋ መክፈል ብክነት አይባልም።

የጎበጠ ቀጭን ብረት ሲያጋጥም ማግኔቱም እንደ ሞርሳው ያታልላል፤ ስቦ ያቃናውና ሲለቀቅ ይጎብጣል። ስለዚህ ባለሙያው ከሥሩ ወረቀት ደልድሎ፣ ጉልበቱን ቀንሶ፣ እያገላበጠ በጥቂት በጥቂቱ ይስለዋል። ሥራው ካለቀም በኋላ በብረቱ ላይ የቀረውን ማግኔት ያጠፋለታል፤ አለዚያ ዕቃው በተገጠመበት መኪና ውስጥ ፍቅፋቂ እየሰበሰበ ኩሽኔታውን ይበላል።