የኢስትሮጅን ተቀባይ ዘረመልና አልዛይመር

በአሜሪካ አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ ከያዛቸው ሰዎች ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ሴቶች ናቸው። ሴቶች ረጅም ዕድሜ ስለሚኖሩ ነው የሚለው መልስ እውነትነት አለው። ሁሉንም አያስረዳም ያሉ ተመራማሪዎች ግን ፊታቸውን ወደ ኢስትሮጅን አዞሩ። ይህ ሆርሞን ሴት ስታርጥ በእጅጉ ይቀንሳል። ሥራው ደግሞ በማህፀንና በጡት አያበቃም፤ አዲስ ትዝታ በሚቀረጽበት፣ ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ እንዲገናኙ ያግዛል።

ሆርሞኑ በደም ውስጥ ስለተዘዋወረ ብቻ ግን ሥራ አይሠራም። ሴሉ ውስጥ የሚቀበለው ፕሮቲን ይፈልጋል። ተቀባዩ ሆርሞኑን ሲይዝ ዲኤንኤው ላይ ያርፍና የትኛው ዘረመል እንዲሠራ፣ የትኛው እንዲያርፍ ያዛል። ዋናዎቹ ተቀባዮች አልፋና ቤታ ይባላሉ። የአልፋው ዘረመል ክሮሞዞም 6 ላይ፣ የቤታው ክሮሞዞም 14 ላይ ነው።

በእነዚህ ዘረመሎች ውስጥ ከሰው ሰው የሚለያዩ የዲኤንኤ ፊደላት አሉ። በአልፋው ላይ በብዛት የተጠኑት ሁለት ልዩነቶች የፕሮቲኑን ቅርጽ እንኳ አይለውጡም፤ የተጠረጠረው የሚመረተውን መጠን ይነካሉ ተብሎ ነው። ብርቅም አይደሉም፤ እጅግ ብዙ ጤነኛ ሰዎች ይዘዋቸው ይኖራሉ። አንዳንድ ጥናቶች ከአልዛይመር ጋር ሲያያይዟቸው ሌሎች ምንም ዝምድና አላገኙባቸውም። ውጤቱ ከሕዝብ ሕዝብም ይለያያል። እንዲህ የሚዋዥቅ ማስረጃ ለአንዲት ሴት ስለ ነገዋ የሚነግራት ነገር የለም፤ ይህን ደፍሬ እናገራለሁ።

ከአልዛይመር ጋር ከሚያያዙ ዘረመሎች መካከል ክብደቱ የታወቀው ክሮሞዞም 19 ላይ የሚገኘው ኤፒኦኢ ነው። ከአባት ወይም ከእናት «አራት» የተባለውን ዓይነቱን አንድ ቅጂ የወረሰ አውሮፓዊ ተጋላጭነቱ በሦስት እጥፍ ገደማ ያድጋል። የናይጄሪያዋ ኢባዳን ከተማ ዮሩባዎች ሲጠኑ ግን ተጽዕኖው ደካማ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ አውሮፓውያን ላይ የተለካን ቁጥር አፍሪካዊ እንዳለ ሊወስደው አይገባም።

«ሆርሞኑ ከቀነሰ በኪኒን እንተካው» የሚለው ሐሳብም ተሞክሯል። በ2003 ይፋ በሆነ የአሜሪካ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆኑ ሴቶች ኢስትሮጅንን ፕሮጀስቲን ከተባለ ሌላ ሆርሞን ጋር ሲወስዱ የመርሳት በሽታ ከ10,000 ሴቶች በዓመት 45ቱን ያዘ፤ ሆርሞኑን ካልወሰዱት ግን 22ቱን ነበር። በማረጥ ሰሞን ለሚያስቸግር ድንገተኛ ሙቀትና ላብ የሚታዘዘው ሕክምና ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስለ እሱ ከሐኪም ጋር መመካከር ይገባል። አንጎልን ለመጠበቅ ብሎ በስተርጅና ሆርሞን መጀመር ግን አይመከርም።

እናትዎ ወይም አባትዎ መርሳት ካበዙ «እርጅና ነው» ብለው አይተዉት። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግርና ድብርትም ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው፣ የደም ግፊታቸውንና ስኳራቸውንም ያስለኩ።