ኦቲዝም ያለባቸው ሕጻናት ቤተሰቦችና የአካባቢያቸው ድጋፍ፦ ድሬዳዋን በማሰብ

በድሬዳዋ ከተማ አንድ ሕጻን ሦስት ዓመት ሞልቶት አፉን ሳይፈታ ቢቀር እናቱ ከጎረቤት የምትሰማው የመጀመሪያ አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ የሚያጽናና ነው። ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገረው፤ አባቱም እንዲሁ ነበር፤ በቤት ኦሮምኛ፣ በደጅ ሶማልኛ፣ በመዋዕለ ሕጻናት አማርኛ ስለሚሰማ ግራ ተጋብቶ ይሆናል ይባላል። አስተያየቱ ከቅን ልቡና የመነጨ ቢሆንም አንድ ጉዳት አለው። ልጁ ስሙ ሲጠራ ቀና ብሎ አለማየቱን፣ የፈለገውን ነገር በጣቱ ከማመልከት ይልቅ የሰው እጅ ይዞ መጎተቱን፣ ለረጅም ሰዓት ቆርኪ ማሽከርከሩን ማንም ልብ ሳይለው አንድ ሁለት ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

እነዚህ ምልክቶች የኦቲዝም ሊሆኑ ይችላሉ። ኦቲዝም ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ፣ ከሕጻንነት ዕድሜ ጀምሮ የሚታይና ዕድሜ ልክ አብሮ የሚዘልቅ ሁኔታ ሲሆን፣ በዋነኛነት የሚገለጸው ከሰው ጋር በመግባባት ረገድ በሚታይ ችግርና በተደጋጋሚ ወይም በተወሰነ ባሕርይ ነው። አንዳንዱ ልጅ ፈጽሞ አይናገርም፤ ሌላው ይናገራል፣ ነገር ግን የሰማውን መልሶ ይደግማል፤ ሌላው ደግሞ በትምህርቱ ጎበዝ ሆኖ ከእኩዮቹ ጋር መጫወት ያቅተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2021 ባወጣው ግምት መሠረት ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት። በወንዶች ላይ የሚታወቀው ከሴቶች በብዙ እጥፍ በልጦ ነው፤ የሴቶቹ ግን ሳይታወቅ የሚቀርበት አጋጣሚ ከፍተኛ እንደሆነ ባለሙያዎች ይናገራሉ።

ስለ መንስኤው የተነገረው ሁሉ ትክክል አልነበረም። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝምን በጽሑፍ ከገለጸ በኋላ ለብዙ ዓመታት ጥፋቱ ለልጇ ፍቅር በነፈገች እናት ላይ ሲጣል ቆይቷል። ይህ አስተሳሰብ በመንታ ልጆችና በቤተሰብ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ፈርሷል፤ ከምንም ነገር በላይ ድርሻ ያለው በዘር የሚተላለፍ ባሕርይ መሆኑ ዛሬ ይታወቃል። በተመሳሳይ መንገድ የኩፍኝ ክትባት ኦቲዝምን ያመጣል የሚል ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1998 በላንሴት መጽሔት ታትሞ ነበር፤ ጥናቱ 12 ሕጻናትን ብቻ የተመለከተና አሠራሩም የተዛባ በመሆኑ መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ጽሑፉን ሰርዞታል። በብዙ ሺህ ሕጻናት ላይ የተካሄዱ ኋለኞቹ ጥናቶችም ግንኙነት አላገኙበትም። ኩፍኝ ዛሬም ሕጻናትን በሚገድልበት አገር ይህን አሉባልታ ማመን ዋጋው ከባድ ነው።

የብዙ ቋንቋ ነገርም እንዲሁ መታረም አለበት። ሁለትና ሦስት ቋንቋ እየሰሙ የሚያድጉ ኦቲዝም ያለባቸው ሕጻናት አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚሰሙት በቋንቋ ችሎታቸው የባሰ መዘግየት እንደማይታይባቸው ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ለድሬዳዋ እናት «በአማርኛ ብቻ አናግሪው» ብሎ መምከር አይጠቅማትም። ከአያቱ ጋር የሚያገናኘውን ቋንቋ መንጠቅ ይሆናልና። ለልጇ በሚቀላት ቋንቋ ማውራቷን ትቀጥል፤ ንግግሩ መዘግየቱ ግን ሳይዘገይ ይመርመር። የመጀመሪያው ምርመራ የመስማት ችሎታ ሲሆን፣ የሚጥል በሽታ መኖር አለመኖሩም መጣራት አለበት፤ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ የሚጥል በሽታ ከሌሎች ሕጻናት በበለጠ ይታያልና። ለዚህ ጅምር በከተማዋ ያሉት የድል ጮራና የሳቢያን ሆስፒታሎች የሕጻናት ክፍሎች ተገቢ በሮች ናቸው።

የቤተሰቡ ሸክም

ሕክምናው የልጁን ጉዳይ ሲመለከት የቤተሰቡን ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና በአዲስ አበባ የሕጻናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች በተገኙ 102 ተንከባካቢዎች ላይ የተካሄደ ጥናት ሸክሙን በቁጥር አሳይቷል። በእድገት ችግር ምክንያት ልጃቸውን ወደ ክሊኒክ ካመጡት ከእነዚህ ሰዎች 45.1 በመቶ የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ 26.7 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ሁኔታውን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። ስለ መንስኤው ሲጠየቁ 40.2 በመቶ የርኩስ መንፈስ ሥራ፣ 27.5 በመቶ የኃጢአት ውጤት እንደሆነ መልሰዋል። እነዚህ ሰዎች ክሊኒክ ድረስ የመጡ መሆናቸውን ማስታወስ ያሻል፤ ልጃቸውን ጓዳ ውስጥ ያስቀመጡት በቁጥሩ ውስጥ የሉም።

ከዚሁ ጥናት የጤና ባለሙያው ሊያጤነው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ያልተሟላላቸው ፍላጎት ምን እንደሆነ ሲጠየቁ በቀዳሚነት ያነሡት ሐኪምን አልነበረም። 74.5 በመቶ የሚሆኑት ለልጃቸው የትምህርት ቦታ እንዲገኝ ጠይቀዋል፤ የጤና ባለሙያ ሕክምና የጠየቁት 47.1 በመቶ ሲሆኑ፣ 27.5 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ የልጃቸውን እድገት የሚያግዝ የባለሙያ ድጋፍ ፈልገዋል። ከመድኃኒት ቤት የማይገኝ ነገር ነው የሚፈልጉት ማለት ነው። በእርግጥም ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም፤ መድኃኒት የሚሰጠው አብረው ለሚታዩ እንደ የሚጥል በሽታ፣ የእንቅልፍ እጦትና ብርቱ ቁጣ ላሉ ችግሮች ነው።

በወላጆች የተጀመረ ሥራ

በአገራችን የኦቲዝም አገልግሎት ታሪክ ከመንግሥት ቢሮም ከሕክምና ትምህርት ቤትም አልጀመረም። የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የነበራቸው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለወንድ ልጃቸው የሚሆን ቦታ በማጣታቸው ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ቀርበው ስለ ልጃቸው በግልጽ መናገራቸው በዚያ ዘመን ቀላል ድፍረት አልነበረም፤ «ኦቲዝም» የሚለው ቃል ከብዙ ኢትዮጵያውያን ጆሮ የደረሰው በእርሳቸው ድምፅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአማርኛን ፊደል መሠረት ያደረገ የንግግር ማስተማሪያ ዘዴም አበርክተዋል። ወይዘሮ ዘሚ በ2013 ዓ.ም. ቢያርፉም ማዕከሉ የመሠረቱት ሥራ ሆኖ ቀርቷል። ከዓመታት በኋላ የተቋቋመው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ የወላጆች ጥረት ውጤት ነው።

ይሁን እንጂ ሁለቱም በአዲስ አበባ ናቸው፤ ወደ እነርሱ የሚመጣው ቤተሰብም ከሚችሉት በላይ ነው። ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ጫጫታና ግፊያ የሚያስጨንቀውን ልጅ ይዞ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ መጓዝ፣ ዘመድ ቤት ማደር፣ ተራ መጠበቅ፣ ከዚያም «በየሳምንቱ ይምጡ» መባል ለአንድ የቀን ሠራተኛ ወይም ለአንዲት የመጋላ ገበያ ነጋዴ የማይሞከር ነው። እያንዳንዱ ከተማ አንድ ማዕከል ይኑረው ማለት መልካም ምኞት ነው፤ ሆኖም ማዕከል የሚቀበለው የሕጻናት ቁጥር ውስን ስለሆነ፣ ከቤተሰቡ ደጅ የሚጀምር አገልግሎት ካልታከለበት ብዙሃኑን አይደርስም።

ባለሙያ ባልበዛበት ምን ይቻላል?

የዓለም ጤና ድርጅት ለዚሁ ችግር ያዘጋጀው የተንከባካቢዎች የክህሎት ሥልጠና ልብ ሊባል ይገባዋል። ሥልጠናው ከ2 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ላላቸው፣ የእድገት መዘግየት ለታየባቸው ልጆች ወላጆች የሚሰጥ ሲሆን ዘጠኝ የቡድን ስብሰባዎችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች አሉት። የሚሰጡት ስፔሻሊስቶች መሆን አይጠበቅባቸውም፤ ልጁም «ኦቲዝም» የሚል የምርመራ ወረቀት እስኪይዝ አይጠበቅም። በኢትዮጵያ ሲሞከር ከአገሩ ሁኔታ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ፣ ስለ መገለልና ስለ ወላጆቹ የራሳቸው ጤንነት የሚያወሳው ክፍል ጎላ ብሎ እንዲቀርብ ሆኗል።

የሥልጠናው ይዘት ከቤት ሥራ የራቀ አይደለም። እናት ልብስ ስታጥብ ልጁ ካልሲውን እንዲያቀብላት ታደርጋለች፤ ሲያቀብላት ስሙን ትጠራለታለች። ውኃ የሚወድ ልጅ ኩባያውን ሲመለከት ወዲያው ከመቅዳት ይልቅ ጥቂት ትጠብቃለች፤ ልጁ እጁን ቢዘረጋ ወይም «ው» ቢል ያን ጊዜ ትቀዳለታለች። ይህች አጭር ጥበቃ ልጁ መጠየቅን የሚማርባት ክፍተት ናት። ቁጣው ሲነሣም ከቁጣው በፊት ምን እንደነበረ፣ ከቁጣውም በኋላ ምን እንዳገኘ ማስተዋል ትማራለች፤ ልጁ የሚጮኸው ወፍጮ ቤት አጠገብ ሲያልፉ ከሆነ መንገድ መቀየር ከመቅጣት ይቀልላል። በድሬዳዋ ሙቀት ልብስ አልለብስ የሚል ልጅም ሁልጊዜ እልከኛ አይደለም፤ የጨርቁ ሻካራነት ወይም ከአንገቱ ሥር ያለው ምልክት የሚያሳክከው ሊሆን ይችላል።

በየቀበሌው የሚዘዋወሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ደግሞ ሌላው አቅም ናቸው። በአገራችን ስለ ሕጻናት እድገት ችግር አጭር ሥልጠና የወሰዱ ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ካልወሰዱት ይልቅ የተሳሳተ እምነታቸው ቀንሶ፣ ለመርዳት ያላቸው ፈቃደኝነት ከፍ ብሎ በጥናት ታይቷል። ለክትባት ወይም ለቤተሰብ ምጣኔ የገባች ባለሙያ ጓዳ ውስጥ ያለውን ልጅ ልታየው የምትችል፣ ምናልባትም ብቸኛዋ የጤና ሠራተኛ ናት።

ጸበልና ሩቅያ የሚፈልግ ቤተሰብን መንቀፍ ደግሞ ከክሊኒኩ እንዲርቅ ያደርገዋል። ጸሎት ለብዙ ወላጆች ብርታት ነው። ባለሙያው ሊያሳስብ የሚገባው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት እንዳይቋረጥ፣ ልጁ እንዳይታሰር፣ እንዳይመታም ወይም እንዳይተኮስ። የሃይማኖት አባቶች ራሳቸው ይህን እንዲናገሩ ቢጋበዙ የተሻለ ይደመጣል።

እድርና አፎሻ

ድሬዳዋ የሰው መረዳጃ አልጎደላትም። እድሩ አለ፤ ከሐረር የመጣው የአፎሻ ልማድም አለ። እነዚህ ማኅበራት ለሐዘንና ለደስታ እንደሚደርሱ ሁሉ ለዚህም የሚሆኑበት መንገድ ቅርብ ነው። በአንድ ሰፈር ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት ሁለት ወይም ሦስት ቤተሰቦች ቢኖሩ እርስ በርስ ላይተዋወቁ ይችላሉ፤ እያንዳንዱ ተደብቋልና። የእድሩ ዳኛ ወይም ጸሐፊ ሊያገናኛቸው ይችላል። እናቶቹ በተራ የአንዳቸውን ልጅ ለሁለት ሰዓት ቢጠብቁ አንዷ ገበያ ትወጣለች፣ ሌላዋ ታርፋለች። ትንሽ ይመስላል፤ ለዓመታት እንቅልፍ ላጣች እናት ግን ትንሽ አይደለም።

ከዚህ ይልቅ አጣዳፊ የሆነም ጉዳይ አለ። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሕጻናት ከቤት ሾልከው የመውጣት ልማድ አላቸው፤ አደጋን አይገምቱም፤ ብዙዎቹም ወደ ውኃ ይሳባሉ። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ከቤት ወጥተው ከሚሞቱት መካከል የአብዛኞቹ ምክንያት መስጠም መሆኑን ያሳያሉ። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ነው፤ ልጆች ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ወስዷል፤ ጎርፉ የሚመጣውም ከተማዋ ላይ ዝናብ ሳይጥል ከደጋው በኩል ሊሆን ይችላል። ስሙን ተጠይቆ የማይመልስ ልጅ በደቻቱ ዳር ብቻውን ቢታይ ማን እንደሆነና ቤቱ የት እንደሆነ የሚያውቅ ጎረቤት፣ ባለ ሱቅና የባጃጅ ሾፌር መኖር አለበት። ልጁን የደበቀ ቤተሰብ ይህን ጥበቃ አብሮ ያጣል፤ ጎረቤት የማያውቀውን ልጅ አይመልስምና። ለቤተሰቡ «ልጅህን አውጣው» ሲባል ከክብር ጉዳይ በፊት የሕይወት ጉዳይ ነው። ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ጨርቅ ከልብሱ ውስጠኛ ክፍል መስፋትም ዋጋው መርፌና ክር ነው።

ወላጆች ዘወትር የሚያነሡት አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ «ከእኔ በኋላስ?» የሚለው። እድሩ ወላጁን ይቀብራል፤ ስለ ልጁ ግን በደንቡ የተጻፈ ነገር ላይኖር ይችላል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ወላጅ በኑዛዜው ለልጁ ሞግዚት እንዲሰይም ይፈቅዳል። ይህ ግን ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ነው። ከዚያ በኋላ ራሱን ማስተዳደር ለማይችለው ሰው ሞግዚት የሚሰየመው በፍርድ ቤት ስለሆነ፣ የሕክምና ማስረጃው፣ የታናሽ ወይም የታላቅ እኅት ፈቃደኝነት፣ የቤቱ ካርታ ወላጁ በሕይወት ሳለ መዘጋጀት አለባቸው። ልጁን ከሕጻንነቱ ጀምሮ የሚያውቁት የእድሩ ሽማግሌዎችም በችሎት ፊት ቀርበው ሊመሰክሩ ይችላሉ።